ሁለቱም እርግጠኛ ባልሆኑበት ማን ይወስናል? ስላልተማከለ ቁጥጥርና ስለ አመክንዮው

የቀረበው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ሁለት ተቆጣጣሪዎች አንድን ሥርዓት በጋራ ይቆጣጠራሉ። እያንዳንዳቸው የሚያዩት ከክስተቶቹ ከፊሉን ብቻ ነው፤ በመካከላቸውም ምንም መገናኛ የለም። ሁለቱም እርግጠኛ ባልሆኑበት ጊዜ አንደኛው ‹ሌላው እርግጠኛ ካልሆነ በቀር ይከልከል› የሚል ውሳኔ መስጠት እንደሚችል አነበብሁ። መልእክት ሳይለዋወጡ አንዱ የሌላውን ዕውቀት ከየት ያገኘዋል? ይህስ ከግምት በምን ይለያል?»

አጭሩ መልስ ግምት አይደለም የሚል ነው። አንዱ ተቆጣጣሪ ሌላው ያየውን አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። የሚያውቀው፣ ሊፈጠር በሚችል በእያንዳንዱ ሁኔታ ውስጥ ሌላው ምን ያህል ሊያውቅ እንደሚችል ነው። ይህንንም የሚያገኘው ከሚላክለት መልእክት ሳይሆን፣ ሁለቱ ሲነደፉ መሠረት ከሆናቸው የጋራ ሞዴል ላይ አስቀድሞ ተሰልቶ ነው። ከዚህ ጋር አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል፦ «ሌላው እርግጠኛ ካልሆነ በቀር» የሚለውን ሁኔታ የሚፈትሸው ውሳኔውን የሰጠው ተቆጣጣሪ አይደለም። የሚፈትሸው የሁለቱን ውሳኔ ተቀብሎ የመጨረሻውን ትእዛዝ የሚያወጣው የማዋሃጃ ደንብ ነው። በዚህ ርእስ ላይ የሚያጋጥመኝ ግራ መጋባት አብዛኛው እነዚህን ሁለት ሥራዎች ለአንድ አካል ከመስጠት የሚመነጭ ነው።

የጉዳዩን መነሻ በጥቂቱ ላስቀምጥ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በነጠላ ክስተቶች የሚራመድ ሥርዓት የምንለው፣ ሁኔታው የሚለወጠው መኪና ሲገባ፣ በር ሲዘጋ፣ ማሽን ሲቆም እንጂ ጊዜ በማለፉ ብቻ ያልሆነውን ሥርዓት ነው። ፒተር ራማጅና መሪ ዎንሃም በ1980ዎቹ ባቀረቡትና በ1987 ባሳተሙት ንድፈ ሐሳብ፣ ሥርዓቱ ሊያልፍባቸው የሚችሉ የክስተት ቅደም ተከተሎች ሁሉ እንደ አንድ ስብስብ ይታያሉ። ከእነዚህ ውስጥ የተፈቀዱት ተለይተው ይታወቃሉ፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ አንዳንድ ክስተቶችን ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል እንጂ ማንንም አያስገድድም። ካረን ሩዲና ዎንሃም በ1992 ይህንኑ ወደ ብዙ ተቆጣጣሪዎች አስፋፍተው፣ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ እያየ የጋራው ግብ መቼ ሊሳካ እንደሚችል የሚወስነውን መስፈርት አስቀመጡ። የእርስዎ ጥያቄ የሚነሣው ይህ መስፈርት ሳይሟላ ሲቀር ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል፤ ምሳሌው ትንሽ ቢሆንም የጉዳዩን ዋና ባሕርይ ሁሉ ይዟል። መግቢያና መውጫው በተቃራኒ አቅጣጫ የሆነ አንድ የጭነት ማራገፊያ ግቢ አለ እንበል። ፈረቃው ሲጀመር በግቢው ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። በፈረቃው ውስጥ ቢበዛ አንድ መኪና ይወጣል፤ ቢበዛ ደግሞ ሁለት መኪኖች ይገባሉ፤ የትኛው እንደሚቀድም አይታወቅም። በግቢው መካከል ያለው ክሬን ሊነሣ የሚችለው በውስጥ ያሉት መኪኖች ከአንድ ካልበለጡ ብቻ ነው፤ ክሬኑ ሲነሣ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ጉዳያችንም እዚያ ላይ ያበቃል። የመውጫው ተቆጣጣሪ የሚያየው የወጡትን፣ የመግቢያው ተቆጣጣሪ ደግሞ የገቡትን ብቻ ነው። ሁለቱም ለክሬኑ መቆጣጠሪያ ሳጥን ውሳኔ ይልካሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይገናኙም። ሕጉን በቁጥር ስናስቀምጠው፣ ክሬኑ የሚፈቀደው የገቡት ቁጥር ከወጡት ቁጥር ካልበለጠ ነው።

ስድስት ሁኔታዎች ይኖሩናል። ማንም ሳይወጣ ማንም ካልገባ ይፈቀዳል፤ ማንም ሳይወጣ አንድ ወይም ሁለት ከገቡ ይከለከላል፤ አንድ ወጥቶ ማንም ካልገባ ወይም አንድ ከገባ ይፈቀዳል፤ አንድ ወጥቶ ሁለት ከገቡ ይከለከላል። እንግዲህ እያንዳንዱ ተቆጣጣሪ ከቆመበት ቦታ ምን እንደሚታየው እንይ። የመግቢያው ተቆጣጣሪ ማንም ሲገባ ካላየ፣ መኪና ወጣም አልወጣ መፈቀድ እንዳለበት በእርግጠኝነት ያውቃል። ሁለት ሲገቡ ካየም መከልከል እንዳለበት በእርግጠኝነት ያውቃል። አንድ ብቻ ሲገባ ካየ ግን መልሱ ባላየው መውጫ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ አያውቅም። የመውጫው ተቆጣጣሪ ከዚህ በባሰ ቦታ ላይ ነው፤ ማንም ባይወጣም አንድ ቢወጣም፣ በሁለቱም ጊዜ የመፈቀድና የመከልከል ሁኔታዎች ተቀላቅለው ስለሚታዩት መቼም ቢሆን እርግጠኛ አይሆንም።

በተለመዱት ሁለት የማዋሃጃ ደንቦች ብንሞክርስ? አንደኛው «ማንም ካልከለከለ ይፈቀድ» የሚለው ነው። ይህ እንዲሠራ መከልከል በሚገባበት በእያንዳንዱ ሁኔታ ቢያንስ አንዱ ተቆጣጣሪ እርግጠኛ ሆኖ መከልከል አለበት፤ የ1992ቱ መስፈርት በመሠረቱ ይህ ነው። ማንም ሳይወጣ አንድ የገባበትን ሁኔታ ብንወስድ ግን መውጫው ማንም ካልገባበት ሁኔታ አይለየውም፤ መግቢያውም አንድ ከወጣበት ሁኔታ አይለየውም፤ ስለዚህ በእርግጠኝነት የሚከለክል የለም። ሁለተኛው ደንብ «አንዱ እንኳ ከፈቀደ ይፈቀድ» የሚል ሲሆን፣ ታይ-ሲክ ዩና ስቴፋን ላፎርቹን በ2002 ከመጀመሪያው ጋር ያጣመሩት ነው። ይህኛው ደግሞ አንድ ወጥቶ አንድ በገባበት ሁኔታ ላይ ይወድቃል፤ መፈቀድ ሲገባው በእርግጠኝነት የሚፈቅድ አይገኝም። ሁለቱም ደንቦች ወደቁ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ሁለቱ ያዩት ቢደመር መልሱ ግልጽ እንደ ነበር ልብ ይበሉ፤ መረጃው በግቢው ውስጥ አለ፤ የጎደለው ወደ ሳጥኑ የሚደርስበት መንገድ ብቻ ነው።

የሁኔታ ውሳኔ፣ ማለትም «ሌላው እንዲህ ካላለ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ላይ የተንጠለጠለ ውሳኔ፣ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የመውጫው ተቆጣጣሪ ማንም ሲወጣ ካላየ እንዲህ ብሎ ያመዛዝናል፦ «እኔ ካየሁት ጋር ከሚስማሙት ሁኔታዎች መፈቀድ ያለበት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ማንም ያልገባበት ነው። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ብንሆን ኖሮ የመግቢያው ተቆጣጣሪ እርግጠኛ ሆኖ ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ እርሱ በእርግጠኝነት ካልፈቀደ መከልከል ትክክል ነው።» አንድ ሲወጣ ካየ ደግሞ በተቃራኒው ያመዛዝናል፦ መከልከል ያለበት ሁኔታ ሁለት የገቡበት ብቻ ነው፤ በዚያም የመግቢያው ተቆጣጣሪ በእርግጠኝነት ይከለክላል፤ እንግዲያውስ እርሱ በእርግጠኝነት ካልከለከለ መፍቀድ ትክክል ነው። ሳጥኑ ሁለቱን ውሳኔዎች ሲቀበል፣ እርግጠኛ ውሳኔ ካለ እርሱን ይከተላል፤ ከሌለ የሁኔታ ውሳኔውን ይፈጽማል። ስድስቱን ሁኔታዎች አንድ በአንድ ቢፈትሹ በሁሉም ላይ ትክክለኛው ትእዛዝ ይወጣል። አስቸጋሪ በነበሩት በሁለቱ ሁኔታዎች መግቢያው «አላውቅም» ይላል፤ የመውጫው የሁኔታ ውሳኔም በመጀመሪያው ይከለክላል፤ በሁለተኛው ይፈቅዳል።

«ዕውቀት» የሚለው ቃል እዚህ በዘፈቀደ የገባ አይደለም። ሎሪ ሪከርና ካረን ሩዲ በ2000 ባሳተሙት ሥራ፣ ጆሴፍ ሃልፐርንና ዮራም ሞዘስ ለተከፋፈሉ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ያዳበሩትን የዕውቀት አመክንዮ ወደዚህ መስክ አስገብተዋል። እያንዳንዱ የክስተት ቅደም ተከተል እንደ አንድ ሊሆን የሚችል ዓለም ይወሰዳል፤ ለአንድ ተቆጣጣሪ ተመሳሳይ ሆነው የሚታዩት ዓለማት በአንድ መደብ ይመደባሉ፤ ተቆጣጣሪው አንድን ነገር ያውቃል የምንለውም ነገሩ በዚያ መደብ ባሉት ዓለማት ሁሉ እውነት ሲሆን ነው። በዚህ ትርጉም «መውጫው፣ መግቢያው እንደሚያውቅ ያውቃል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምሥጢር የለበትም። በየዓለሙ ተፈትሾ እውነት ወይም ሐሰት የሚባል ሐሳብ ነው። በእኛ ምሳሌ ማንም ሲወጣ ያላየ የመውጫው ተቆጣጣሪ የሚያውቀው፣ መፈቀድ አለበት ከተባለ መግቢያው ይህን እንደሚያውቅ ነው። ይህ ስለ ዕውቀት ያለ ዕውቀት ነው፤ ስለ ክሬኑ ግን ምንም እርግጠኛ ነገር አይነግረውም። ከግምት የሚለየውም በዚህ ነው፦ የገመተ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ይህ ተቆጣጣሪ ግን ሞዴሉ ትክክል እስከሆነ ድረስ የሚናገረው እውነት የሆነውን ብቻ ነው።

ስለ ዕውቀት አመክንዮ ያነበቡ ሰዎች ወዲያው የሚያስታውሱት ግንባራቸው ጭቃ የነካ ልጆችን እንቆቅልሽ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ የሌሎቹን ግንባር እንጂ የራሱን አያይም፤ ልጆቹ የሌሎቹን ዝምታ በየዙሩ እየሰሙ በመጨረሻ ስለ ራሳቸው ያውቃሉ። የእኛ ጉዳይ ግን ከዚያ ይለያል። እዚህ ዙር የለም፤ መደማመጥም የለም፤ ማንም ተቆጣጣሪ ከሌላው ዝምታ ተነሥቶ አዲስ ነገር አያውቅም። ዝምታውን የሚሰማው ሳጥኑ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ ምንም አያመዛዝንም፤ ደንቡን ይፈጽማል እንጂ። ማመዛዘኑ ሁሉ የሚጠናቀቀው በንድፍ ጊዜ ነው፤ በሥራ ላይ የሚቀረው ከሠንጠረዥ አንብቦ ውሳኔ መላክ ነው። «ተቆጣጣሪው ያመዛዝናል» ስንል በአነጋገር ቅልጥፍና የምንጠቀምበት አባባል መሆኑን መርሳት አይገባም።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ማመዛዘን ምን ያህል ሊጠልቅ ይችላል የሚለው ነው። ግቢውን ትንሽ እናስፋው፦ ሲጀመር ሁለት መኪኖች ይኑሩ፤ ቢበዛ ሁለት ይውጡ፤ ቢበዛ ሦስት ይግቡ፤ ክሬኑም በውስጥ ያሉት ከሁለት ካልበለጡ ይፈቀድ። ሕጉ አሁንም የገቡት ከወጡት ካልበለጡ የሚል ነው። አሁን አንድ ወጥቶ አንድ በገባበት ሁኔታ የአንድ ደረጃ ማመዛዘን አይበቃም። የመውጫው ተቆጣጣሪ አንድ ሲወጣ ባየ ጊዜ፣ ከሚፈቀዱትም ከሚከለከሉትም መካከል መግቢያው እርግጠኛ የማይሆንባቸው ሁኔታዎች ይቀሩበታል። የመግቢያው ተቆጣጣሪ ግን አንድ ሲገባ ካየ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «መከልከል ያለበት ማንም ካልወጣ ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ መውጫው ‹መግቢያው እርግጠኛ ሆኖ ካልፈቀደ ይከልከል› የሚል ውሳኔ ይሰጣል፤ ስለዚህ ያ ውሳኔ ከሌለ ይፈቀድ።» ይህ የሁለተኛ ደረጃ ውሳኔ ነው፤ ሌላው ስለ እኔ በሚያውቀው ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ሳጥኑም ደንቡን ትንሽ ያሻሽላል፦ እርግጠኛ ውሳኔ ዜሮ ደረጃ ተብሎ፣ ከተላኩት ውሳኔዎች የጥርጣሬ ደረጃው ዝቅተኛ የሆነውን ይከተላል። ዩና ላፎርቹን በ2004 የሁኔታ ውሳኔዎችን ሲያስገቡ ማመዛዘኑ አንድ ደረጃ ያህል ነበር፤ ራትነሽ ኩማርና ሺገማሳ ታካይ ደግሞ በ2007 ወደ ማናቸውም ደረጃ ከፍ አደረጉት። በግቢያችን የሚወጡትና የሚገቡት ወሰን በጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገው ደረጃም ይጨምራል፤ ወሰኑ ጨርሶ ከተነሣ አስቀድሞ የተወሰነ ምንም ደረጃ አይበቃም።

ይህ አካሄድ የሚሠራበትን ምክንያት ካስተዋሉ የማይሠራበትንም ያገኙታል። ማመዛዘኑ ሁልጊዜ መነሻ ይፈልጋል፤ መነሻውም ቢያንስ አንዱ እርግጠኛ የሆነበት ሁኔታ ነው። በእኛ ግቢ መነሻዎቹ ማንም ያልገባበትና ገቢዎቹ ወሰናቸውን የሞሉበት ሁኔታ ናቸው፤ ከእነዚያ ተነሥቶ ጥርጣሬው ከሁለቱም ጫፍ እየተላጠ ይሄዳል። ሕጉ ግን «የገቡትና የወጡት ድምር ሙሉ ሲሆን ይፈቀድ፣ ጎዶሎ ሲሆን ይከልከል» የሚል ቢሆንና በእያንዳንዱ በር ቢበዛ አንድ መኪና ቢያልፍ፣ አራቱም ሁኔታዎች በክብ የተያያዙ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ተቆጣጣሪ ምንም ቢያይ አንድ የሚፈቀድና አንድ የሚከለከል ሁኔታ ይታየዋል። ማንም በምንም ጊዜ እርግጠኛ አይደለም፤ ስለዚህ በሌላው እርግጠኛነት ላይ የሚደገፍ የለም፤ ደረጃውን መቶ ቢያደርሱትም ለውጥ አያመጣም።

እዚህ ላይ ነቃ ያለ አንባቢ «ሳጥኑ ራሱ ለምን አይደምርም?» ብሎ መቃወሙ አይቀርም። ልክ ነው፤ እያንዳንዱ ተቆጣጣሪ ያየው ሙሉ ወይም ጎዶሎ መሆኑን ቢልክና ሳጥኑ ሁለቱን ቢያወዳድር ይኸው ችግር በቀላሉ ይፈታል። ነገር ግን ያን ጊዜ የሚላከው ውሳኔ መሆኑ ይቀርና ጥሬ መረጃ ይሆናል፤ ማዕከላዊ ተቆጣጣሪውም በሳጥኑ ስም በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። የማዋሃጃ ደንቡን ያለ ገደብ መልቀቅ ሌላም ዋጋ አለው። ስታቭሮስ ትሪፓኪስ በ2004 እንዳረጋገጠው፣ ሁለት ተመልካቾች ያዩትን ሁሉ ይዘው በመጨረሻ ቢያገናኙት የተፈለገውን መለየት ይችሉ እንደሆነ የሚጠይቀው ችግር፣ ሥርዓቱ ውሱን ሁኔታዎች ብቻ ያሉት ቢሆን እንኳ በየትኛውም አልጎሪዝም በአጠቃላይ ሊወሰን አይችልም። የ1992ቱን መስፈርት ግን በኮምፒውተር መፈተሽ ይቻላል፤ ሩዲና ያን ቪለምስ በ1995 እንዳሳዩትም የተቆጣጣሪዎቹ ቁጥር ከተወሰነ የሚወስደው ጊዜ በሥርዓቱ መጠን በፖሊኖሚያል ደረጃ ነው፤ ማለትም ሥርዓቱ ሲያድግ ጊዜው የሚጨምረው በመጠኑ የተወሰነ ኃይል (እንደ ካሬው ወይም ኪዩቡ) ልክ እንጂ ከዚያ በላይ አይፈነዳም። እኔ በበኩሌ ውሳኔ የዕውቀት መግለጫ ሆኖ የሚቀርበትን ጠበብ ያለ ደንብ የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ እያንዳንዱ ውሳኔ ምን ማለት እንደሆነ ሊነበብና ሊመረመር ይችላል።

አመክንዮ ፈጽሞ የማይደርስበትም ቦታ አለ። ክሬኑ የሚፈቀደው መኪናው ከመግባቱ በፊት ሌላው ከወጣ ብቻ ነው ቢባል፣ መጀመሪያ ወጥቶ በኋላ የገባበትና መጀመሪያ ገብቶ በኋላ የወጣበት ቅደም ተከተል ለሁለቱም ተቆጣጣሪዎች ፍጹም አንድ ሆነው ይታያሉ። የሁለቱ ዕይታ ተደምሮም ልዩነቱን ስለማይይዝ የትኛውም የማመዛዘን ደረጃ፣ የትኛውም የማዋሃጃ ደንብ አይረዳም። የቀረው በመካከላቸው መገናኛ መዘርጋት ወይም የጋራ ሰዓት መስጠት ነው።

በመጨረሻ በንድፈ ሐሳቡ ጽሑፎች ብዙም የማይነሣ፣ በፋብሪካ ግን ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባ ጉዳይ ላንሣ። በሁኔታ ውሳኔ ውስጥ «አላውቅም» ማለት ትርጉም ያለው መልስ ነው፤ የመውጫው ውሳኔ በሥራ ላይ የሚውለው በእርሱ ምክንያት ነው። እንግዲህ የመግቢያው ፒኤልሲ (ተቆጣጣሪው የሚሠራበት የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር) ተበላሸ ወይም ሽቦው ተቆረጠ እንበል፤ ሳጥኑም ምንም አለመድረሱን እንደ «አላውቅም» ይቍጠረው። አንድ ወጥቶ ሁለት ከገቡ የመውጫው ተቆጣጣሪ «በእርግጠኝነት ካልተከለከለ ይፈቀድ» ብሏል፤ ክልከላው አልደረሰም፤ ስለዚህ ክሬኑ በሁለት መኪኖች መካከል ይነሣል። ማንም ሳይወጣ ማንም ባልገባበት ሁኔታ የሚደርሰው ጉዳት ግን ክሬኑ ያለ ምክንያት መቆሙ ብቻ ነው። ስለዚህ «አላውቅም» በግልጽ ተጽፎ መላክ አለበት፤ ተቆጣጣሪው በሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ምልክትም በየጊዜው መድረስ አለበት፤ ምልክቱ ከተቋረጠ ሳጥኑ የሁኔታ ውሳኔዎችን ሁሉ ወደ ክልከላ ይለውጥ። ሞዴሉም እንዲሁ ነው፦ መግቢያው ሁለት ሲገቡ አይቶ «በእርግጠኝነት ይከልከል» የሚለው ከአንድ በላይ መኪና አይወጣም በሚለው ወሰን ላይ ቆሞ ነው። አንድ ቀን ሁለት እንዲወጡ ከተፈቀደና የመውጫው ፕሮግራም ብቻ ከታደሰ፣ መግቢያው ትናንት እውነት የነበረውን ዛሬም በሙሉ ልብ መናገሩን ይቀጥላል፤ ሳጥኑም እርግጠኛ ውሳኔ ስለሆነ ይከተለዋል። ስለዚህ አንዱን ተቆጣጣሪ የሚነካ ማናቸውም የሞዴል ለውጥ የሁለቱንም ሠንጠረዥ እንደገና አስልቶ በአንድ ጊዜ መጫንን ይጠይቃል።